የማይንራት ክርን በወርቅ ላይ

እኔ ባልዝ እባላለሁ። ምድጃ ጠጋኝ ነኝ፤ ይሄ ግን የአዘቦት ሥራዬ ነው። እውነተኛው ሥራዬ እሑድ እሑድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የመንደራችን የሮተንማት ተኳሾች እላይ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ሲተኩሱ፣ እኔ ሦስት መቶ ሜትር ወዲህ፣ ከዒላማው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ቁጭ እላለሁ። ጥይቷ ከራሴ በላይ ወረቀቱን በስታ ታልፋለች። ዒላማውን ወደ ታች ስቤ ቀዳዳውን አያለሁ፤ ከዚያ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለችው ክብ ሰሌዳ ስንት እንዳገኘ አሳያለሁ። አሥር ሲሆን ቀይ ባንዲራ አውለበልባለሁ። ሲስት ደግሞ ሰሌዳዋን ግራና ቀኝ አወዛውዛለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ይቺን ማወዛወዝ በጣም ነው የምወዳት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ስኖር አንድም ሰው ሲተኩስ አይቼ አላውቅም። የማያቸው ቀዳዳዎቻቸውን ነው። ቀዳዳ አሳዩኝና ባለቤቱን ልንገራችሁ። ሥጋ ሻጩ ማይንራት፣ ማለት የተኩስ ማኅበራችን ፕሬዚዳንት፣ ጥይቱ ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ሲተኩስ ቀኝ ክርኑን እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ላይ ስለሚያነሳ ነው ይላሉ። የፖስታ ቤቷ ዚታ ደግሞ በግራ እጇ ነው የምትተኩሰው፤ በአካባቢያችን አራት ሸለቆዎች ካሉት ተኳሾች ግራኝ እሷ ብቻ ነች። የእሷ ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተጠጋግተው፣ በአንድ ፍራንክ ሳንቲም ብትሸፍኗቸው ይሸፈናሉ። ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ አትጠይቁኝ።

ማይንራትና ዚታ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የጸደይ ልምምድ ላይ ማይንራት ደጋግሞ ሲስት፣ ዚታ ከኋላው ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ማይንራት፣ ክርንህን ዝቅ አድርግ!» አለችው። በቃ፣ ይሄው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማይንራት ለአክስቱ ደብዳቤ ሲልክ እንኳ ቴምብር የሚገዛው ሰባት ኪሎ ሜትር ሄዶ ከጎረቤት መንደር ነው። ክርኑ ግን እንዳለ ነው።

ወደ ወርቁ ልምጣ። ማኅበራችን በየሃያ አምስት ዓመቱ ትልቅ በዓል ያደርጋል፤ ለበዓሉም ታለር የምንለውን የወርቅ ሳንቲም ያሠራል። መንግሥት አያውቀውም፣ ዳቦ አይገዛም። ከተማ ካለው ከአቶ ቹዲ የግል የሳንቲም መምቻ በእኛው ወጪ የሚመታ ነው። አሥራ ሁለት ብቻ ይመታል። በገንዘብ አይገኝም። በበዓሉ ቀን አሥር ጊዜ ተኩሶ ከመቶ ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ የማኅበሩ አባል ይወስደዋል፤ ወስዶም ኮፍያው ላይ ይሰካዋል፤ እስኪሞት አይነቅለውም። እንግዳ መተኮስ ይችላል፤ ወርቅ ግን አያገኝም። ዚታ አርባ ዓመት ሙሉ «እንግዳ» ነበረች።

ይሄ አንጀቴን ያበግነው ነበር። ሴቶች በአገሩ ሁሉ ድምፅ መስጠት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሞልቷል፤ እኛ ጋ ግን ማይንራት በየዓመቱ የዚታን ማመልከቻ «ለሚቀጥለው ይታይ» እያለ መሳቢያ ይከተዋል። ስምንት ማመልከቻ! ዘንድሮ፣ በ1974፣ መቶኛ ዓመታችን ነው። ዚታ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የሚቀጥለው ወርቅ ሲመታ ሰማንያ ሁለት ይሞላታል። የካቲት ላይ ዘጠነኛውን ማመልከቻ ስታስገባ ቤቴ ደብዳቤ ልታደርስልኝ መጥታ ነበር። «ባልዝ፣ ወይ ዘንድሮ ነው ወይ መቼም አይደለም። በሰማንያ ሁለት ዓመቴ ዒላማው የት እንዳለ ራሱ አንተ ነህ የምትነግረኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

አንድ ሌላ ነገርም ማወቅ አለባችሁ፤ ዘጠነኛዋን ደንብ። ማኅበሩን ያቋቋሙት ሽማግሌዎች የሰውን ጠባይ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ በወርቁ ላይ በሕይወት ያለ የማኅበሩ አባል ምስል አይወጣም። ወጥቶ ከተገኘ፣ ባለምስሉ በዚያ በዓል ጠመንጃውን አስቀምጦ ጉድጓድ ይወርዳል፣ የሌሎችን ቀዳዳ ያሳያል። ቅጣቱ ይሄ ነው። የእኔ የዕድሜ ልክ ሥራ ማለት ነው እንግዲህ። ተናድጄ አላውቅም ብል ውሸቴን ነው።

ስለዚህ ወርቃችን ላይ ሁልጊዜ አንድ ስም የሌለው ተኳሽ ነው የሚወጣው። ምስሉን ለቀራጺው ለአቶ ቹዲ የሚያዝዘው ፕሬዚዳንቱ ነው። ማይንራትም አዘዘ። አንድ ፎቶግራፍ ጨምሮ ላከ፤ «ለአቀማመጡ ብቻ» ብሎ። በፎቶው ላይ ያለው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ማይንራት! ተንበርክኮ፣ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ ለጥፎ፣ ክርኑን ሰማይ ሰቅሎ። ፊቱ በኮፍያው ስለተጋረደ ማንም አያውቅብኝም፣ እኔ ግን ኮፍያዬ ላይ ራሴን ሰክቼ እኖራለሁ ብሎ ነው። ይሄንን እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ መጋቢት ላይ መኪናው ተበላሽታበት እኔ ነኝ ወደ ከተማ የወሰድኩት፤ ፎቶውን አቶ ቹዲ ጠረጴዛ ላይ አየሁት።

አቶ ቹዲ ሰባ ያለፋቸው፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር የማይነቀል፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ቡጢ የሚያህል ብረት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወርቁ የሚመታበት ማኅተም ነው፤ ተኳሹ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ተቀርጾበታል። ማይንራት ጎንበስ ብሎ አየና ደም ሥሩ ተገታተረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እርስዎ ነዎት» አሉ አቶ ቹዲ።

«እኔ? ጠመንጃው ግራ ትከሻ ላይ ነው! ይሄ ግራኝ ነው!»

«ይሄ ማኅተሙ ነው ጌታዬ። ወርቁ ላይ ሲመታ...»

«ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት በሬ ስበልት ግራና ቀኝ የማልለይ መሰለህ? ይሄማ ዚታ ናት! ዚታን በወርቅ ላስቀርጽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ...»

«አልሰማም! ጠመንጃው ቀኝ ትከሻ ላይ ይሁን!»

«ማኅተሙ ላይ?»

«አዎ፣ ማኅተሙ ላይ!»

አቶ ቹዲ ማጉያውን ከዓይናቸው አነሱ። ትንሽ አዩት። «እንግዲያው ይጻፉልኝና ይፈርሙበት» አሉ። ማይንራትም ጻፈ፣ ፈረመ። እኔስ ምን ሆኜ ዝም አልኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልገባኝም። ምድጃ ነው የማውቀው። ፊደሉ ሁሉ ያለው በወዲያኛው ገጽ ስለሆነ፣ እንዴ፣ ይሄ ነገር ተገልብጧል የሚያሰኝ ምንም ነገር አልነበረም።

ስንመለስ ማይንራት ሱቁ በር ላይ አስቆመኝና ገብቶ አንድ ሙሉ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ታፋ ይዞ ወጣ። «ፎቶ አላየህም» አለኝ። ታፋውን አየሁት። እንደዚያ ያለ ታፋ በሕይወቴ አልተሰጠኝም። «ምን ፎቶ?» አልኩት። ማድቤት ሰቀልኩት፤ በየማታው ትንሽ ትንሽ እቆርጣለሁ፤ ደግሞ እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ፣ ያናድዳል።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ወርቁ ተመታ። በልማዳችን ወርቁን መጀመሪያ የሚያየው ማኅበሩ በጉባኤ ነው፤ ስለዚህ እኔና ማይንራት ከደጅ ቆመን ምቱን ብቻ እንቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ ድብ አለ። አቶ ቹዲ ወርቁን ሳጥን ውስጥ አድርገው በሰም አሽገው አስረከቡን። ከዚያ አሥራ ሦስተኛ እንዳይኖር ፕሬዚዳንቱ በመሮ ማኅተሙ ላይ መስቀለኛ ጭረት ያወጣበታል፤ ይሄም ልማድ ነው። ማይንራት ለመጨረሻ ጊዜ ማኅተሙን አየት አድርጎ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ ያለውን ጠመንጃ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ግሩም ነው!» አለና በመዶሻው ገጨው። አቶ ቹዲ ማጉያቸውን እየወለወሉ «በሰላም ያድርስዎት» አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነች ነገር አየሁ።

ጉባኤው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ድቡ» በሚባለው መጠጥ ቤት አዳራሽ ነበር። ነጭ ወይን ቀርቧል፣ ቋሊማው ይጠበሳል፣ ሃምሳ ያህል ሰው ታጭቋል። ዚታ እንግዳ ስለሆነች በሩ አጠገብ ቆማለች። ማይንራት ደረቱን ነፍቶ ሰሙን ሰበረና የመጀመሪያውን ወርቅ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ለሰው አዞረ።

ወርቁ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ቀጥሎ ሹክሹክታ መጣ። ቀጥሎ ከወደ ኋላ አንዱ «እንዴ! ይሄ ግራኝ ነው!» አለ። «ዚታ ናት!» አለ ሌላው። ሳቁ ፈነዳ። ማይንራት ወርቁን ነጥቆ ሲያየው ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ። እውነትም ተኳሹ ጠመንጃውን ግራ ትከሻው ላይ አድርጎ በግራ ዓይኑ ያልማል። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ማኅተም ወርቅ ላይ ሲመታ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናላ! አቶ ቹዲ መጀመሪያውኑ ልክ ነበሩ። ሆዴን ይዤ ልስቅ ስል ታፋው ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

መምህር ሊዮንሃርት የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ገና ወጣት ነው፣ ደንብ ይወዳል፣ ደንብ እያነበበ ሳይተኛ አይቀርም። ብድግ አለና «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዘጠነኛው ደንብ ስላለ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። በወርቁ ላይ ያለው ማን ነው? ምስሉን ያዘዙት እርስዎ ነዎት» አለ።

ማይንራት እኔ ነኝ ቢል ጉድጓድ ሊወርድ ነው። ማንም አይደለም እንዳይል አዳራሹ ሙሉ ዚታ ናት እያለ ይጮኻል። ላቡ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት። ድንገት ፊቱ በራ። ዚታ አባል አይደለችማ! ደንቡ የሚከለክለው አባልን ነው!

«አዎ፣ ዚታ ናት!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በመቶኛ ዓመታችን ለአንዲት ብርቱ ሴት ክብር ልሰጥ ብዬ ነው። በምስጢር የያዝኩት ለዚህ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ እላችኋለሁ! ሰው ጠረጴዛ ደበደበ። ሚስቶቻቸው እንኳ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው አጨበጨቡ። ዚታ በሩ አጠገብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዋሾ! አልኩ በልቤ። ግን ዝም አልኩ። ታፋው ግማሽ ደርሶ ነበር።

«እንግዲያው» አለ ሊዮንሃርት ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ቀጣዩ አጀንዳ የወይዘሮ ዚታ የአባልነት ማመልከቻ ነው።»

«ትግባ! ትግባ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ወርቅ ላይ ያለችን ሴት ማን ይከለክላል? ማይንራት እጁን አነሳ። ፈገግታው ደስ አላለኝም።

«እኔም እደግፋለሁ!» አለ። «አባል ትሁን። ዛሬውኑ ትሁን። ሊዮንሃርት፣ እስቲ ዘጠነኛውን ደንብ ጮክ ብለህ አንብብልን።»

ሊዮንሃርት አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ፤ ነገሩ ያኔ ነው የገባው። ቀስ ብሎ «ማለት... አባል ከሆነች፣ በሕይወት ያለ አባል ምስል ወርቁ ላይ ወጣ ማለት ነው። በዚህ በዓል ጉድጓድ ትወርዳለች። አትተኩስም» አለ።

«ምን ይደረግ፣ ደንብ ነው» አለ ማይንራት። «ባልዝም ብቻውን ነው፣ ታግዘዋለች። ለሚቀጥለው ወርቅ ደግሞ በደንብ ትተኩሳለች።»

ለሚቀጥለው! በሰማንያ ሁለት ዓመቷ! ደሜ ፈላ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ እኛ አገር ደንብ ከተነበበ በኋላ የሚጮህ ሰው አይገኝም። ዚታን አየኋት። እንባዋ ደርቋል። እኔ ልነሳ ቂጤን ከወንበሩ አላቀቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ልነሳ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ወርቁን ስጡኝ» አለች።

በሰው መሃል እየገፋች መጣች፤ ተቀበለች፤ አገላብጣ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው። ምስሉ የእሷ ነው ተብሎ መንደሩ ሁሉ አጨብጭቦላታል። አርባ ዓመት «እንግዳ» የተባለች ሴት፣ ዝም ብትል ለዘላለም ወርቅ ላይ ነች። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለች።

«እንዴ!» አለ አዳራሹ።

«እኔ እንዲህ አልተኩስም። እንዲህ ብተኩስ ራሴን እጠላ ነበር። ክርኑን አላያችሁትም?» ከባንኮኒው ጀርባ የቢራ ማስታወቂያ የተጻፈበት ትልቅ መስታወት አለ። ወደዚያ ሄዳ ወርቁን ወደ መስታወቱ ፊት አዞረችው። «ኑ እስቲ እዩ። በመስታወቱ ውስጥ ጠመንጃው ቀኝ ትከሻ ላይ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ቀኝ ክርኑን እንዲህ ሰማይ የሚሰቅል ማነው?»

ሰው ወንበር እየገፋ ተንጋጋ። ከዚያ ሃምሳ አፍ አንድ ላይ «ማይንራት!» አለ።

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። የአዳራሹ ጣሪያ ሊነሳ ነበር። አስተናጋጇ ትሪ ጣለች። ማይንራት ቆሌው ተገፎ «ክርን ማስረጃ አይሆንም! ክርን ያለው ሰው ሁሉ እኔ ነው?» ይላል።

ዚታ ወደ እኔ ዞረች። «ባልዝ፣ ከተማ አብረኸው ሄደህ ነበር አይደል?»

ምን ይዋጠኝ! ተነሳሁ። «ፎቶው የእሱ ነው» አልኩ። «ማኅተሙን ያስገለበጠውም እሱ ነው። ፈርሞበታል፣ ወረቀቱ አቶ ቹዲ ዘንድ አለ። እኔም ታፋ ተቀብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ስንት ታፋ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንድ። ግማሹ ቀርቷል፤ አመጣዋለሁ።»

ዚታ በሠላሳ አንድ ድምፅ ለአራት አባል ሆነች። የቀረው ሰው በሳቅ ታሞ እጁን ማንሳት አልቻለም። ሊዮንሃርት ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ዘጠነኛውን ደንብ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አሁን ፊቱን ወደ ማይንራት አድርጎ።

ሰኔ ላይ በዓሉ ደረሰ። ማይንራት ከንጋቱ ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ አጠገቤ ነው፤ ቅርጫት ሙሉ ቋሊማ ይዞ መጥቷል፤ አኩርፏል። የመጀመሪያዋ ጥይት ከራሳችን በላይ ፉጨቷን አሰምታ ስታልፍ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፋ። «አይዞህ፣ ከፍ ብላ ነው የምትሄደው፤ ያንተ ብቻ ናት በጣም ከፍ የምትለው» አልኩት። በልማዱ ቅጣት ላይ ያለ ሰው የተሰጠውን ዒላማ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይፈርዳል፤ እኔ የምገባው ከላይ ክርክር ከተነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ዒላማ ለእሱ ሰጥቼ በሌላው ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቀትር ገደማ ላይ ማይንራት ዒላማውን አውርዶ አፍጥጦ ቀረ። ስምንት ቀዳዳ አሥሩና ዘጠኙ ላይ ተጠጋግተዋል።

«ባልዝ፣ ና እስቲ ይሄን እይ። ይሄ ሰውዬ ማነው? ምን ዓይነት እጅ ነው!»

ማን እንደሆነ ገና ሳላየው አውቄዋለሁ። «ሰውዬ አይደለም። ዚታ ናት» አልኩት።

ማይንራት ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ፣ ዕቃ ሲመርጥ እንደሚያደርገው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትተኩሰው?»

«እኔ እዚህ ካለሁ ጀምሮ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት።»

«ማንም አልነገረኝም እኮ!»

«ጉድጓድ ወርደህ አታውቅማ» አልኩት። ልሰድበው አስቤ አልነበረም፤ እውነቱ ነው።

ዘጠነኛዋን ተኮሰች፤ አሥር። ድምሩ ሰማንያ አምስት ሆነ። አንዲት ጥይት ቀርታታለች፤ አሥር ካላገኘች ወርቅ የለም። ጥይቷ አለፈች። ማይንራት ዒላማውን ሳበው።

ቀዳዳዋ ከዘጠኙና ከአሥሩ መሃል፣ መስመሩ አጠገብ ናት። መስመሩን ከነካች አሥር ናት፤ ካልነካች ዘጠኝ። በዓይን አይለይም። ማይንራት መለኪያ ሚስማሩን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተና መነጽሩን አደረገ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። አንዲት ቃል ብናገር፣ ባልዝ ነው ወርቁን የሰጣት ይላሉ፤ ደግሞ መንደሩ ስለ እኔና ስለ ቀዳዳዎቿ የሚያወራው እንዳለ አውቃለሁ። ማይንራት «ዘጠኝ» ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ሚስማሩን አወጣ። መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። እንደገና ከተተ።

«ነክታለች» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«በሬ ስበልት ግራና ቀኝ ላልለይ እችላለሁ፤ መስመር ግን አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸብኝና ቀዩን ባንዲራ አንስቶ አውለበለበው። እንዴት አድርጎ እንዳውለበለበ! እኔ እንዲያ አውለብልቤ አላውቅም። ከላይ ጩኸቱ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ምን ያምራል።

ወደ ማታ ዘንጎቹን እየሰበሰብን ሳለ ዚታ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ሊዮንሃርት ወርቁን ኮፍያዋ ላይ ሰክቶላታል። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆማ «ቀዳዳዬን አሳዩኝ» አለች። ማይንራት ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላት። ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች፣ ከዚያም እሱን አየችው።

«በጣም በትንሹ ነው የነካችው» አለች።

«ነክታለች» አለ ማይንራት፣ ኮስተር ብሎ። አፈር በአፈር ሆኗል። ወደ ኮፍያዋ ቀና አለና ራሱን በወርቅ፣ ግራኝ ሆኖ አየ። «እንግዲህ እስክትሞቺ እኔን አናትሽ ላይ ተሸክመሽ ልትዞሪ ነው።»

«ችዬ እይዝሃለሁ» አለች ዚታ። «አንድ ነገር ብቻ ታደርግልኛለህ።»

«እኮ ምን?»

«ክርንህን ዝቅ አድርግ።»

ማይንራት ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወረቀቱን የያዘበትን የቀኝ እጁን ክርን አየት አደረገ፤ እውነትም ሰማይ ተሰቅሏል። ዝቅ አደረገው።